ጋሼ ተኸስተ ላፕቶፓቸውን ጠርገው የወጡ ዕለት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2016

ካልጋሪ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። ማርቲንዴል ጣቢያ ላይ ባቡሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየ… ግን ወንበር አገኘሁ። ድሮ በዚህ ሰዓት ቆሜ ነበር ዳውንታውን የምደርሰው። የነዳጁ ዋጋ ወረደ፣ ሰዉ ከሥራ ተባረረና ወንበሩ በዛ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ?

ቢሮ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ከሥራ ባልደረባዬ ከዴሪክ ጋር ተጣላሁ። ዓርብ ነድፎ ያስረከበው ድሮዊንግ ላይ ያለው ቫልቭ የ2009 ነው። የ2009! ከገዛ ዴስክቶፑ ቆፍሮ ያወጣው። "ምነው ዴሪክ?" ብለው "የለመድኩት ይሻለኛል" አይለኝም? ይሻለኛል! እኔና ጋሼ ተኸስተ ስምንት ወር ሙሉ፣ ዓይናችን እስኪፈስ፣ በየሰው ኮምፒውተር የተበተነውን ለቃቅመን ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውዱ ውስጥ፣ አንድ ቦታ ያስቀመጥነው ለጌጥ ነው? ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ዕቃ። ቫልቩ፣ ፓምፑ፣ ታንኩ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ከነፊርማው ቦታ። ማንም ከዜሮ አይስልም፤ ከዚህ የጋራ ላይብረሪ አንስቶ ይለጥፋል። እኛም፣ ኤድመንተን ቅርንጫፍ ያሉትም፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት። ይኼ ምኑ ይከብዳል?

ጋሼ ተኸስተ ሳቁብኝ። "ተይው ልጄ። እኔንም እርሳስ ተው ሲሉኝ አንድ ዓመት አኩርፌያለሁ።"

ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እዚህ ቢሮ ብቻ አሥራ ሰባቱን። ልጅ ሆነው ከአስመራ አዲስ አበባ መጥተው በእርሳስና በቀለም መንደፍ የተማሩ ሰው ናቸው። ከላይብረሪው ግማሹ የሳቸው እጅ ነው፤ መስመሩን አይቼ አውቀዋለሁ።

ከሰዓት ላፕቶፓቸው ተንቀራፈፈ ብለው ጠሩኝ። ፎልደሩን እያሳዩ "ይኼ ሁሉ እኔ ላይ ምን ይሠራል?" አሉ። ሻዬ እየቀዘቀዘ ነበር። "የርስዎ ኮፒ ነው ጋሼ፣ ዋናው ክላውድ ላይ አለ፣ አያስቡ" ብያቸው ሮጥኩ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 14

ወሬ ብቻ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ባዶ ሆኗል አሉ፤ ወንበሮቹን እንኳ ወስደዋቸዋል። የሠራተኛ አስተዳደሯ፣ የኤችአሯ ሴትዮ ዛሬ ሁለት ጊዜ በኛ በኩል አለፈች። ሳቀችልኝ። ሳቋን አልወደድኩትም። ኖቬምበር ላይ ፋኑኤልን ያባረሩት ዕለትም እንዲሁ ስቃልን ነበር።

ያ ልጅ… ኮምፒውተሩን ሁሉ የሚያስተካክልልን፣ ክላውዱንም የከፈተልን እሱ። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዶ አማርኛው ሲኮላተፍ የሚያስቀን። በሰው ፊት፣ በዘበኛ አጅበው! እንደ ሌባ! አሁን አንድ ነገር ሲበላሽ የማናውቀው ከተማ ያለ ሆትላይን እንደውላለን፤ ሙዚቃ ያሰሙናል።

የሺጥላ ዛሬ ጓዳውን እንደገና ደረደረው። ከኦክቶበር ወዲህ ሦስተኛው። ሥራ እስኪያጣ ድረስ ፎርት መክመሪ ብየዳ ላይ የነበረ ባል ቅመም በፊደል ተራ ሲደረድር ምን ይባላል? "ጎበዝ" አልኩት። ተናደደ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 29

አራት ሰው። ጋሼ ተኸስተም አሉበት።

አሥራ ሰባት ዓመት አገልግለው ስብሰባው ሰባት ደቂቃ ፈጀ። በመስታወቱ እያየሁ ቆጠርኩ።

ሌሎቹን ወዲያው አስወጧቸው። አለቃችን ዳግ ግን ወደኔ ጠጋ ብሎ "ለሱ ከአክብሮት የተነሳ እስከ ምሳ ሰዓት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ" አለኝ። ከአክብሮት! አመስግኚኝ ማለቱ ነው?

በዚያች ጊዜ ምን ሲሠሩ ቆዩ? ጠረጴዛቸውን ወለወሉ። እስክሪብቶውን፣ ስቴፕለሩን፣ ማስመሪያውን ለጸሐፊዋ አስረከቡ። የቢሮውን ኩባያ አጥበው መደርደሪያው ላይ ደፉት። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ አጎነበሱ፣ ብዙ ቆዩ።

"ይተውት እንጂ ጋሼ። ምን አስጨነቀዎት?"

"የሰው ቤት ስትለቂ ጠርገሽ ነው የምትወጪው። የሰው ነገር ይዤ አልሄድም ልጄ።"

ባቡሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ካርቶናቸው ውስጥ የእርሳስ ሳጥን፣ የልጅ ልጃቸው ፎቶ፣ ግማሽ ፓኬት ብስኩት። አለቀስኩ። "ብርዱ ነው ዓይንሽን" አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑኝ… እሳቸው!

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 1

ላይብረሪው የለም።

ፎልደሩ አለ። ውስጡ ባዶ ነው። የኔም፣ የዴሪክም። ኤድመንተን ደወሉ፤ የነሱም። ኢንተርኔቱ ነው አልኩ። ኮምፒውተሬን አጥፍቼ አበራሁ። ደግሜ አጥፍቼ አበራሁ። ባዶ። ስምንት ወር ሙሉ የለፋሁበት!

ዳግ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ። ማን ምን እንዳደረገ ክላውዱ ራሱ የሚመዘግብበት ገጽ አለ። ከፈትኩት። ተኸስተ፣ 2311 ፋይል አጥፍቷል፣ ዓርብ፣ 11:42።

ዳግ ጮክ ብሎ አነበበው። ጆሮው ቀላ። "ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው?" አለ።

ከምሳ በፊት "ሳቦታጅ"፣ ሆን ብሎ ማጥፋት፣ የምትለዋን ቃል ከአምስት ሰው አፍ ሰማኋት። ዴሪክ ደግሞ፣ ያ የ2009 ቫልቭ፣ ደረቱን ነፍቶ "እንኳን የራሴን አልጣልኩ" ይላል። ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

ጋሼ ተኸስተ? ኩባያ አጥበው የመለሱት ሰውዬ? ግን ስማቸው እዚያ ተጽፏል። ሰው ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል… እውነቱን ልጻፈው፤ ተናድጄባቸዋለሁ። የኔስ ልፋት? የኔ ዓይን?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

ደወልኩላቸው። በቁጣ ነበር የደወልኩት።

"ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት ላይብረሪውን አጥፍተዋል?"

"አዎ ልጄ።" ቅንጣት ማፈር የለም! "ላፕቶፑን ነገ ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ በኔ ግሳንግስ ለምን ይሞላበታል? ደግሞም የድርጅቱን ሥራ ይዞ ሄደ እንዳይሉኝ። ምነው፣ የቀረ አለ?"

የቀረ አለ ወይ ይሉኛል…

"የለም ጋሼ፣ ሁሉም ነው የጠፋው። የሁላችንም።"

"እንዴት ሆኖ? የኔን ኮፒ አይደል ያጠፋሁት? ራስሽ ነሽ ያልሽኝ።"

ሻዬ። ያን ዕለት ሻዬ እየቀዘቀዘብኝ ነበር።

ኮፒ አይደለም እኮ! ሁላችንም ከአንድ ጋን ነው የምንቀዳው፤ አንዱ ጋኑን ከደፋው የሁሉም ቤት ደረቀ። ይኼን አውቃለሁ። ለቢሮው ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ። ያን ዕለት እሳቸው ሐኪም ቤት ነበሩ፤ በኋላ ለብቻቸው አስረዳቸዋለሁ ብዬ ነበር። አስረዳኋቸው? በቁም፣ በሩጫ፣ ለዚያውም የተሳሳተውን።

"ለማንኛውም ደህና ወሬ አለኝ" አሉ። የውሃ መስመር የሚነድፍ አንድ ቢሮ ኢንተርቪው ጠርቷቸዋል። በስድሳ አንድ ዓመት፣ በዚህ ዘመን! "ስለኔ እንዲመሰክር፣ ሬፈረንስ፣ ዳግን ሰጥቻለሁ። መቼም አሥራ ሰባት ዓመት ያውቀኛል።"

መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ለዳግ ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 4

አልነገርኩትም።

ለየሺጥላ ነገርኩት። ቅመሙን አስቀመጠና ዞረ። "እሌኒ፣ በዚህ ቤት ሥራ ያለው ስንት ሰው ነው?" አለኝ። "አንድ" አልኩ። "እንግዲህ ዝም በይ።" ክፉ ሰው እኮ አይደለም። ፈርቷል። እኔስ አልፈራሁም?

ሆትላይኑ ላይ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ። ከዚያ አንድ ሰውዬ፦ "የአካውንቱ ባለቤት ማነው?" ድርጅቱ ነዋ! "ድርጅት አይደለም፣ የሰው ስም ነው የምጠይቅሽ።" ለካ ያጠፋው ሰው ወይም ባለቤቱ ብቻ ነው መመለስ የሚችለው። የጋሼን መግቢያ ዓርብ ዕለት ዘግተውታል። ባለቤቱስ? ማንም አያውቅም! ዳግ አያውቅም። ኤችአሯ አታውቅም። ይኼ ሁሉ ባለ ማዕረግ… የቤታችሁ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ አታውቁም?

እኔ ግን የማውቅ ይመስለኛል።

ለጋሼ ከጠበቃ ደብዳቤ ሊላክ ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 6

ፎረስት ሎን ሰፈር ሄድኩ። ፋኑኤል አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ስልክ ጥገና ቤት ይሠራል፤ በአንድ ወገን ሥጋ ቤት፣ በሌላው ወገን የቬትናም ሾርባ። ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ አገኘሁት።

"እትዬ እሌኒ! ኦ ማይ ጋድ። ስክሪንሽ ተሰበረ?"

"ልቤ ነው የተሰበረው።"

"እሱን ፊክስ አላደርግም" ብሎ ሳቀ።

ነገርኩት። ሁሉንም፣ የሻዩን ጭምር። ማጉያውን አወለቀ።

"ሰው ዲሊት ያደረገው ነገር ሠላሳ ቀን ይቀመጣል። ከዛ ፎርኤቨር ጠፋ። ኦነሩ፣ ባለቤቱ፣ እኔ ነኝ፣ ስቲል። ኢሜይሌን ዘጉት እንጂ እሱን ማንም አልጠየቀኝም። ላይክ፣ ቴን ሚኒትስ ነው።"

"አሁኑኑ በላ ልጄ!"

"ኖ። አልነካም። እኔ እኮ የተባረርኩ ነኝ። ብነካ ሃክ አደረገ ይሉኛል። ጋሼን ምን እንዳሉት ሰማሽ አይደል? ዳግ ራሱ ኮል ያድርግልኝ። ፕሊዝ ይበለኝ።"

"ለኔ ስትል… ለጋሼ ተኸስተ ስትል።"

"ጋሼን አይ ላቭ ሂም።" ስኒ የሚያክል ዓይን አፈጠጠብኝ። "ግን ሴኪዩሪቲ እኔን ይዞ ሲወጣ ሁላችሁም ስክሪን ስታዩ ነበር። አንቺም።"

እውነቱን ነው። ስክሪን እያየሁ ነበር። ስክሪኑ ላይ ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ስወጣ ከኋላዬ "ቀኑን ካውንት አድርጊ!" አለ። ባስ ላይ ቆጠርኩ። ፌብሩዋሪ 28፣ እሑድ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8

ለዳግ ነገርኩት። የፋኑኤልን ብቻ። ደውልለት፣ በአሥር ደቂቃ ይመልሰዋል አልኩት።

"ካሰናበትነው ሰው ጋር አንደራደርም።"

ድርድር አይደለም፣ ስልክ ነው!

"ጠበቆቹ ጉዳዩን ይዘውታል። አንቺ ከድሮ ድሮዊንጎች እየነቀልሽ መልሰሽ ሥሪው።"

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዕቃ፣ በቀን አርባ ብነቅል ስንት ቀን ነው? አንድ "ፕሊዝ" ከአፉ ከሚወጣ እኔ እስከ ሜይ ድረስ ቫልቭ ልልቀም! ምሳ ሳልበላ ነቀላ ጀመርኩ።

የሻዩን ነገር ግን ዛሬም አልተናገርኩም። በሱ ተናድጄ… እኔስ? እኔንስ ማን ይናደድብኝ?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 11

ሠላሳ ስምንት ቫልቭ። እጄ ዛለ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 15

ፋሚሊ ዴይ፣ የቤተሰብ በዓል። ቢሮ ዝግ ነው። ሞንተሬይ ፓርክ፣ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ሰው ገድሎ ብርቱካን!

ባለቤታቸው እትዬ ኣስካሉ በሩን ከፈቱልኝ፤ አቅፈው ሳሙኝ። ጋሼ ከረባት አስረዋል። በዓል ሆኖ፣ የትም ሳይሄዱ። የጠበቃው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በፕላስቲክ ከተውታል፣ እንዳይቆሽሽ። እንዳይቆሽሽ! ያ ደብዳቤ!

"'ሆን ብሎ በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ' ይላል" አሉ። ድምፃቸው ቀስ ብሎ። "ልጄ፣ እኔ አንድ ወረቀት እንኳ አጣጥፌ ጥዬ አላውቅም።"

"የውሃው ቢሮስ ጋሼ?"

"ዳግ ጋ ደውለው ነበር። ስለሱ ምንም ማለት አልችልም ብሏቸዋል። እንደሱ ከማለት ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። እናሳውቅዎታለን ብለው ቀሩ።"

እትዬ ኣስካሉ ከጓዳ ሆነው "አሥራ ሰባት ዓመት እንጀራውን በላቡ ሲበላ የኖረ ሰው" አሉ። "አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። በረዶውን በእግሩ እየሄደ።"

ከዚያ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ታውቂዋለሽ። ምንድነው ያጠፋሁት? አስረጂኝ።"

ነገርኳቸው። ጋኑን፣ ቧንቧውን፣ ኮፒ ያልኩት ኮፒ እንዳልነበረ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ጋሼ። የነገርኩዎትን ነው ያደረጉት።"

ጣታቸው ፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ።

እትዬ ኣስካሉ ከጓዳ ወጡ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"በማግሥቱ። ማክሰኞ።"

"የትኛው ማክሰኞ?"

"…ፌብሩዋሪ ሁለት።"

"ሁለት ሳምንት!" ፎጣውን ወረወሩት። "ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ እዚህ ተቀምጦ እጁን ሲያይ፣ ጃጅቼ ይሆን እያለ ሲጨነቅ፣ አንቺ ታውቂ ነበር? ሳምሽኝ እኮ! በሬ ላይ ሳምሽኝ!"

"ኣስካሉ" አሉ ጋሼ።

"ምን ኣስካሉ ኣስካሉ ትለኛለህ!"

ይቅርታ ልል ስጀምር ጋሼ እጃቸውን አነሱ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። "ለኔ አትንገሪኝ። እኔ እንደማላጠፋ አውቃለሁ። ለነሱ ንገሪ" አሉኝ።

ብርቱካኑን በር ላይ መልሰው አስያዙኝ። እትዬ ኣስካሉ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

የሺጥላ፦ "ያባርሩሻል።"

እኔ፦ "ያባርሩኛ።"

የሺጥላ፦ "ቀላል አደረግሽው!"

ቀላል አይደለም። ምኑ ነው ቀላል? ግን የአንድ ሽማግሌ ስም በኔ ሻይ ምክንያት በፕላስቲክ ተከቶ ተቀምጧል። ጮህኩበት። ሳልጨርስ ሳል ያዘኝ። ውሃ አመጣልኝ። ከዚያ ቁጭ አለና "ምን እንደምትያቸው ጽፈሽዋል ወይ? አንቺ ስትናደጂ እንግሊዝኛሽ ይጠፋል" አለኝ።

አብረን ጻፍነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 17

የጠዋት ስብሰባ። አሥራ አንድ ሰው፣ ኤድመንተን በስክሪን። ዳግ "ሌላ ነገር ያለው?" ሲል እጄን አወጣሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ።

ተኸስተ ላይብረሪውን ያጠፋው እኔ ያንተ ኮፒ ነው ስላልኩት ነው አልኩ። ላፕቶፑን ንጹሕ አድርጎ ለማስረከብ ብሎ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው አልኩ።

ዳግ እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

እዚህ ጋ ወረቀቱ አለቀ። እኔ ግን አላለቅሁም። "አንድ ሰው በስህተት ሁሉን ማጥፋት የሚችልበት ፎልደር ማነው የከፈተው? ፋኑኤል ቁልፍ ይኑረው ሲል፣ ፈቃድ መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ለሁሉም ክፍት ይሁን ያልከው አንተ ነህ ዳግ። ኤፕሪል ላይ። እዚህችው ክፍል።" የሺጥላ ትክክል ነው፣ እንግሊዝኛዬ ጠፍቶ ነበር። ግን ሁሉም ገባቸው።

ዳግ አፉን ሲከፍት ዓይሻ ቀደመችው። ያቺ አዲሷ ኢንጂነር፣ ያገሬ ልጅ፣ ድምጿ የማይሰማው፣ ሻሿን እያስተካከለች። ባለፈው ኦክቶበር እሷም የፓምፖቹን ፎልደር ሳታውቅ አጥፍታ ነበር! ፋኑኤል በአምስት ደቂቃ መልሶላት፣ ለማንም አልተናገረባትም። "ማንም ሳቦታጅ አላለኝም" አለች። ከዚያ ከኤድመንተኑ ስክሪን አንድ ድምፅ "እኔም አንዴ…" አለ። ዴሪክ ጫማውን ያያል።

ስንወጣ ዓይሻ ክንዴን ያዘችኝ። "እትዬ፣ አይ ኣም ሶ ሶሪ። ሰኞውኑ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።"

"እኔም ነኝ እህቴ።"

እስካሁን አላባረሩኝም። ነገ ይሆናል።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 19

ዳግ ጠራኝ። ደንበኛው ድሮዊንጎቹን ለማክሰኞ ይፈልጋል። "የልጁን ስልክ ስጪኝ" አለ። ስሙን እንኳ አልጠራም። "ፋኑኤል" አልኩት። "ፋኑኤል" አለ።

በድምፅ ማጉያ ደወለ። ከበስተጀርባ የሥጋ ቤቱ መጋዝ ይሰማል።

"ሃይ ዳግ።" ፋኑኤል ሌላ ምንም አላለም። ጠበቀ። እንዴት ያለ ልጅ ነው! እኔ ብሆን አሥር ጊዜ "ችግር የለም" ብዬ ነበር።

ዳግ ስለ ደንበኛው አወራ። ስለ ጊዜ አወራ። ስለ ገበያው አወራ። በመጨረሻ፦ "ኖቬምበር ላይ ያስወጣንህ አኳኋን ትክክል አልነበረም። እባክህ እርዳን።"

"ኦኬ። ጋሼስ?"

"ምን?"

"ሚስተር ተኸስተ። ለሱም ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ራይት?"

ዳግ አየኝ። እኔም አየሁት። ስክሪን አላየሁም።

"ይጻፍለታል።"

ከዚያ አሥር ደቂቃ አልሞላም። አንድ በአንድ መጡ። ቫልቮቹ፣ ፓምፖቹ፣ ታንኮቹ፤ የጋሼ ቀጭን መስመር። ቢሮው አጨበጨበ። ለማን እንደሚያጨበጭቡ እንጃላቸው፤ ያጨበጨቡለት ሰው እዚያ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 24

የደብዳቤውን ረቂቅ ዳግ አሳየኝ። ሁለት መስመር። "ጉዳዩ ተፈትቷል፤ ድርጅቱ ተጨማሪ እርምጃ አይወስድም።"

ተፈትቷል? ጫማ ነው የሚፈታው! እርምጃ አይወስድም ሲል ምሕረት ያደረገላቸው ይመስላል! "ተሳስተን ነበር" የሚለው የታለ? "ሚስተር ተኸስተ ጥፋት የለበትም" የሚለውስ?

"ጠበቃው እንዲህ ነው የሚጻፈው አለ።"

"እንግዲያው የኔም ስም ከታች ይግባ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በሉ።" መልሶ ወሰደው። ከሰዓት አምስት መስመር ሆኖ መጣ። ሦስተኛው "በስህተት ከሰንዎታል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን" ይላል። ፊርማው የዳግ ነው።

ከዚያ ኢሜይል ላከልኝ፤ የላይብረሪው ባለቤት ከእንግዲህ እኔ ነኝ። ፋኑኤል በስልክ እየመራኝ አዘዋወርነው። ከኔና ከዳግ በቀር ማንም ማጥፋት እንዳይችል አድርጊ ይላል ትእዛዙ። የሁሉንም አነሳሁ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ቀረ። አሰብኩበት… የዳግንም አነሳሁት።

እስካሁን አላወቀም። ሲያውቅ ይጠይቀኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 10

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሻጭ መስሎኝ ልዘጋው ስል፣ ከውሃ መስመሩ ቢሮ ነኝ አለች ሴትዮዋ። ሚስተር ተኸስተ የቀድሞ ሬፈረንሳቸውን ሰርዘው ሌላ ስም ሰጥተዋል። የኔን።

የኔን?

ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ አልደወሉልኝም። እኔም አልደፈርኩም። ደብዳቤው እንደደረሳቸው እንኳ ከፋኑኤል ነው የሰማሁት።

ወደ ደረጃው ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጠየቀችኝ። ሰዓት ያከብራሉ? ሥራቸው ንጹሕ ነው? ከወጣት ጋር ይግባባሉ? ሁሉንም መለስኩ፤ ምናልባትም አበዛሁት። ከዚያ "ደካማ ጎናቸው ምንድነው?" አለች።

ለዚህ ጥያቄ እዚህ አገር የተለመደ መልስ አለ። ሥራ ያበዛሉ፣ ለራሳቸው አይራሩም፣ ይባላል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"የነገሯቸውን ያምናሉ" አልኳት። "ስለዚህ የምትነግሯቸው ነገር ሲኖር ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው።"

ኪቦርዷ ተሰማኝ፤ ረጅም ነገር ጻፈች።

ረቡዕ፣ ማርች 16

ሞንተሬይ ፓርክ፣ ጋሼ ቤት ደወልኩ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼ ነበር። እትዬ ኣስካሉ አነሱት።

"እሌኒ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ። ሰኞ ሥራ ይጀምራል።"

እልል ማለት አማረኝ። ዋጥኩት። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ፤ አሜን አላሉም። ደህና ነሽ ወይ፣ ባለቤትሽ ሥራ አገኘ ወይ… ምንም የለም። ስልኩን ይዘጉታል ብዬ ጠበቅኩ።

"ቆይ ልጥራው" አሉኝ።